«እንደምን አደራችሁ?»

(ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን የወጣቶች አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። አንዷ ልጅ በስልኳ ቀድታው ነበር። ከቅጂው ላይ ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። ከመደነቃቀፌ በቀር ብዙም አልቀነስኩም።)

እንደምን አደራችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አደራችሁ? እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አልሐምዱሊላህም ያላችሁ አላችሁ፣ ሰምቻለሁ። ይህችን ሰላምታ ያዙልኝ። በኋላ እፈልጋታለሁ።

እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከኋላ ቆማችሁ ያላችሁ ልጆቼም፣ ኑ ግቡ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። የአማርኛ አስተማሪ ፊት መቀመጥ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አላስነሳም።

ለምን እንደጠራችሁኝ ልናገር። ነገ እሑድ ቁርስ ልታበሉ ነው። ዳቦው ታዟል፣ ሻዩ ይፈላል። ተባረኩ። ግን ባነሩ ላይ ተጣላችሁ። አንዱ «ለጎዳና ተዳዳሪዎች» ይባል አለ። አንዷ «አይ፣ ያስቀይማል፣ ቤት አልባ ወገኖቻችን እንበል» አለች። ሌላው «ለነዳያን» አለ። ሦስት ቀን በቴሌግራም ስትነታረኩ ቆይታችሁ «ለምን ጋሼን አንጠይቃቸውም» ተባለ። እኔም መጣሁ። መልሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ትሄዳላችሁ።

ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ «አዳሪ» ስለሚለው ቃል። ሁለተኛ «ቤት» ስለሚለው ቃል። ሦስተኛ ደግሞ ሰውየውን እንጂ ያደረሰበትን ስለማይናገሩ ቃላት።

ከአንደኛው ልጀምር።

እኔ ልጅ ሆኜ «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚል ቃል አልሰማሁም። የምንሰማው «በረንዳ አዳሪ» ነበር። በረንዳ የውጭ ቃል ነው፣ ተላመደን። አዳሪ ግን የራሳችን ነው። «አደረ» ማለት ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ነው። አይደለም እንዴ? ግን አማርኛ በዚህ አላቆመም። ገበሬው ምንድነው? አርሶ አደር። ከብት የሚያረባው? አርብቶ አደር። የፋብሪካ ሠራተኛው? ወዝ አደር። ወታደርም «ወጥቶ አደር» ነው ይላሉ። ለጥቅም የተሸጠውን ደግሞ ሆድ አደር እንለዋለን። ታያላችሁ? አማርኛ የሰውን ኑሮ የሚቆጥረው በሌሊት ነው። ቀን ምን ሠራህ አይልም። ምን ሠርተህ አደርክ ነው የሚለው።

ከዚያ ደግሞ «ተዳደረ» መጣ። በምን ትተዳደራለህ? በንግድ፣ በእርሻ። ከዚያው ከአንድ ግንድ «ትዳር» ወጣ። «አስተዳደር» ወጣ። እስቲ አስቡት። የክፍለ ከተማው አስተዳደርና የጎዳና ተዳዳሪው የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው በሉ። (ሳቅ) ሳቁ፣ ሳቁ። በሰርግ በለቅሶ ሲገናኙ ግን አላየሁም።

እንግዲህ «ጎዳና ተዳዳሪ» ሲባል ምን ማለት ነው? በጎዳና የሚተዳደር። ኑሮውን ከጎዳና የሚያገኝ። ቃሉ ስድብ አይደለም። እንዲያውም «በረንዳ አዳሪ» ስድብ ስለሆነ እሱን ለመሸሽ የመጣ የጨዋ ቃል ነው የሚመስለኝ። የእርዳታ ድርጅት ወረቀትና ዜና ላይ ስናነበው ስንሰማው ለመድነው። ግን አንድ ችግር አለው። ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ሊስትሮው ጎዳና ላይ ይሠራል፣ ማታ ግን ከጓደኞቹ ጋር አልጋ ተከራይቶ ያድራል። ቆሎ የምትሸጠው እናት በጎዳና ትተዳደራለች፣ ቤት ግን አላት። አእምሮዋ የታመመች፣ ራቁቷን የምትሄድ እህት ደግሞ አለች። እሷ በጎዳና ትተዳደራለች? ምን አስተዳደረቻት ጎዳናዋ? ማስቲሽ የሚስበው የ11 ዓመት ልጅስ? እሱ «ተዳዳሪ» ነው? ልጅ ራሱን ያስተዳድራል?

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ልጆቼ እንኳ በደንብ አያውቁትም።

በ1974 ዓ.ም. ነው። 18 ዓመቴ ነበር። ከደሴ አዲስ አበባ ልማር መጣሁ። 400 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያን ጊዜ መንገድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ተበላሸ። ሾፌሩ ከሥር ገብቶ ሲቀጠቅጥ፣ እኛ በብርዱ ስንንቀጠቀጥ ጀንበር ጠለቀች። አዲስ አበባ ስንደርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረው። ያኔ ሰዓት እላፊ አለ። ወጣቶች አታውቁትም፣ አትወቁትም። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ መገኘት የዋዛ ነገር አልነበረም።

አጎቴ ኮተቤ ነው የሚኖረው። መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሻንጣዬን ይዤ ቆምኩ። አንድ ዘበኛ መጣ።

«የት ልታድር ነው?»

«አጎቴ ጋ፣ ኮተቤ።»

«በዚህ ሰዓት ኮተቤ የለም» አለኝ።

እውነቱን ነው። በዚያ ሰዓት ኮተቤ የለም። በእጁ አንድ ሱቅ በረንዳ አሳየኝ። አራት አምስት ልጆች ተኝተዋል። ካርቶን አንጥፈው ማዳበሪያ ለብሰዋል። አንዱ፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀና ብሎ አየኝና ተጠጋጋ። ካርቶኑን አካፈለኝ። ስሜን አልጠየቀኝም። «ሻንጣህን ራስህ ሥር አድርገው፣ ጫማህን እንዳታወልቅ» አለኝ። ምክር ነው ይህ! ከዚያ በኋላ የሰማሁት የዩኒቨርሲቲ ኦሪየንቴሽን ሁሉ ይህን አያክልም።

ጠዋት የነቃሁት በውኃ ነው። ሱቁን የምትከፍተው ሴትዮ በጣሳ ውኃ ትረጫለች። «ተነሱ፣ በረንዳ አዳሪ ሁላ!» ትላለች። ዞር ብዬ አየሁ። ማንን ነው የምትለው? ከኋላዬ ግድግዳ ነው ያለው። እኔን ነው። ትናንት ደሴ የመምህር ልጅ ነበርኩ። ማትሪኬ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት አድሬ ስም ወጣልኝ።

ሴትዮዋ ላይ አልፈርድም። ሱቋን ልትከፍት ነው። ግን እስከ ዛሬ ያ «ሁላ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ሌሊት አደርኩ እንጂ አዳሪ አልነበርኩም። ልዩነቱን ያዙልኝ። አደረ ግስ ነው፣ አዳሪ ስም ነው። በግስ ያለፈ ነገር ያልፋል። ስም ሲሆን ይለጠፋል። ካርቶኑን ያካፈለኝ ልጅስ? እሱም የሆነ ቀን የመጀመሪያ ሌሊቱ ነበረው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ቤት።

ልጆች፣ አማርኛ ላይ ቤት ስንት ነገር እንደተሸከመ ታውቃላችሁ? ቤተሰብ ብሎ ነገር የቤት ሰው ማለት ነው። ቤት ከሌለ ቤተሰቡ የት ይሁን? ባለቤት ማለትስ? የቤቱ ጌታ ነው። ሚስትም ባልም «ባለቤቴ» ይባላሉ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሰዋስው ስናስተምር የዓረፍተ ነገሩ አድራጊ ማን ነው? ባለቤት! «ልጁ ኳስ መታ።» ባለቤቱ ማን ነው? ልጁ። 34 ዓመት ሙሉ ይህን ጠይቄአለሁ። ግጥም እንኳ ቤት ካልመታ ግጥም አይባልም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የተሸከመ ቃል ላይ «አልባ» ስትጨምሩበት ምን ይሆናል? ቤት አልባ። ቤት ብቻ አይደለም የጎደለው። ቃሉ ሰውየውን ከቤተሰብም ከባለቤትነትም ያወጣዋል። እንደኔ «ቤት አልባ» ከ«ጎዳና ተዳዳሪ» የበለጠ ይከብዳል። ይለሰልሳል ብላችሁ ነው ያመጣችሁት፣ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ አትቀየሚኝ።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ «ቤት የለኝም» የሚለው ማን ነው? ሁላችንም! በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገቡ ከ450 ሺህ ሰው በላይ «ቤት የለኝም» ብሏል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ምዝገባ ነበር። እኔም ተሰልፌአለሁ። ተከራይ ነኝ፣ ቤት የለኝም፣ ግን በረንዳ አላድርም። ደባል ሆኖ የሚኖር አለ። የዘመድ ቤት በጥገኝነት ያለ አለ። አሜሪካ ያለችው እህቴ በስልክ «የእገሌ ልጅ ሆምለስ ሆነ» ትለኛለች። የት ነው ያለው ስላት «ጓደኛው ሶፋ ላይ» ትላለች። እኛ ጋ እሱ ደባል ነው። በደህና ቀን ደግሞ እንግዳ ነው። ስለዚህ «ቤት አልባ» ስትሉ ግማሹ ከተማ ቁርስ ሊሰለፍ ይችላል፣ ዳቦ ጨምሩ።

ቤት የሌለው ሰው ከብርዱ በላይ ምን ያጣል መሰላችሁ? ቁጥር። ይህን የተማርኩት ከተማሪዬ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ነው። የፈተና ፎርም እያስሞላሁ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። አንዱ ልጅ የቤት ቁጥር ላይ «አዲስ» ብሎ ጽፏል። ይህች «አዲስ» የምትባል ነገር ታውቋታላችሁ። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሁሉ «አዲስ» ነው። ሃያ ዓመት የቆየ ቤትም «አዲስ» ይባላል። አልገረመኝም። በኋላ ልጁ ሦስት ቀን ቀረ። ልጠይቀው ሄድኩ። ጓደኞቹ እየመሩኝ ወንዝ ዳር ካለ ግንብ ጋ አደረሱኝ። ላስቲክ ነው። እናቱ እዚያ ውስጥ ተኝታለች፣ ታማለች። ከዚያ በፊት የነበረውን ላስቲክ ዝናብ ወስዶት ማታውን እንደገና ወጥረውታል። እውነትም አዲስ ነበር።

ልጁ አልዋሸም። ፎርሙ ነው ሌላ ቦታ ያልተወለት።

ከዚያ ጋር ስንት ነገር ተከተለ መሰላችሁ። እናትየዋን ሐኪም ቤት ልንወስድ ነው፣ መታወቂያ ተባልን። መታወቂያ ልናወጣ ሄድን፣ የቤት ቁጥር ተባልን። ቁጥር የላትም ስንል ከመጣችበት መሸኛ ታምጣ ተባልን። የመጣችበትን ከተወች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መሸኛ ማለት እኮ መልካም ቃል ነበር። ሰው ሲሸኙት የሚሰጡት ነው። እሷን ማን ሸኛት? መጨረሻ ላይ አንድ እናት፣ ጎረቤቴ ናቸው፣ «በእኔ ቤት ቁጥር ጻፏት» አሉ። ቤታቸው የቀበሌ ነው፣ አንድ ክፍል ናት። ቁጥራቸውን ግን አበደሯት። እንዲህ ያለ ብድር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አሁን ፋይዳ መጥቷል፣ ለይቶ የሚያውቅህ በጣት አሻራህና በዓይንህ ነው። ያኔ ቢኖር ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ሰዓቴን ልይ። እሺ፣ ሦስተኛው አጠር ይላል። አጠር ይላል ብዬ ስንቴ ዋሽቻለሁ።

ቃላት አሉ፣ ሰውየውን ያሳዩና ነገሩን ያደረሰበትን ይደብቃሉ። ሌሎች ደግሞ ሳያስቡት ይናገራሉ። «ተፈናቃይ» በሉ። ከየት መጣ? ፈነቀለ። ድንጋይን በዲጂኖ ስትፈነቅሉ አስቡ። መፈንቅለ መንግሥት ከዚያው ነው። ድንጋይ ራሱን አይፈነቅልም። ስለዚህ «ተፈናቃይ» ስትሉ የፈነቀለ እንዳለ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። በ2018 እ.ኤ.አ. ብቻ ሀገራችን ውስጥ በግጭት 2.9 ሚሊዮን ጊዜ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በዚያ ዓመት በዓለም አንደኛ ነበርን። በዚህ አንደኛ መሆን!

«የልማት ተነሺ»ስ? ተነሺ። ቁጭ ብሎ የነበረ ሰው በገዛ እጁ ብድግ ያለ ይመስላል። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ስንት ሰው ተነሳ? ምትክ ቤት ያገኘ አለ፣ አዲሱ ሰፈር የተስማማውም አለ። ያላገኘ ተከራይና ደባልም አለ። መንገዱ አምሯል፣ እኔም ማታ ማታ እየወጣሁ እሄድበታለሁ። ቃሉን ነው የማወራው። «ተነሺ» የሚለው ቃል ሰውየው ቁጭ የሚልበትን አይነግራችሁም።

«ቦዘኔ» የሚለው ደግሞ ሕግ ሆኖ ያውቃል። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 384/1996። ቦዘነ ማለት ሥራ ፈታ ማለት ነው። ሥራ መፍታት አንድ ነገር ነው፣ ሥራ ማጣት ሌላ። ጎዳና የሚያድረውን ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ተከትላችሁት ታውቃላችሁ? መኪና ያጥባል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ፌስታል ይለቅማል፣ ቡሌ የሚሉትን የምግብ ትርፍራፊ ፍለጋ ሆቴል ጓሮ ይሰለፋል። ቦዘኔ ማየት ከፈለጋችሁ እኔን ጡረተኛውን እዩ። (ሳቅ)

ሦስት ብዬ ነበር፣ አራተኛ መጣ። ይቅርታ። «የኔ ቢጤ» ሳልል መሄድ አልችልም።

የኔ ቢጤ ማለት እንደ እኔ ያለ፣ የእኔ እኩያ ማለት ነው። ለማኝ ላለማለት የተሠራ ቃል ነው። እኔም በክፍል ውስጥ «ተመልከቱ፣ አማርኛ እንዴት ትሑት ነው፣ ሰጪው ለተቀባዩ እኩያዬ ይለዋል» እያልኩ ስመጻደቅ ኖሬአለሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ለጓደኛዬ «ሳንቲም አለህ፣ ለነዚህ የኔ ቢጤዎች» አልኩት። አንዲት አሮጊት ከመሬት ቀና ብለው አዩኝ። ካፖርት ለብሻለሁ፣ ጫማዬ ተቦርሿል።

«ልጄ፣ ቢጤህ ከሆንኩማ ና አጠገቤ ተቀመጣ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ጓደኛዬ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ከዚያ መሬት ላይ ሆኜ ያየሁትን አልረሳም። የሚታየው ጉልበት ነው። ሰው ሁሉ ጉልበት ብቻ ነው። ፊት የሚያሳይ የለም። አሥር ደቂቃ ተቀምጬ ተማሪዎቼ ሦስት ሆነው አለፉ፣ አላወቁኝም። ሴትዮዋ «ለመድከው?» አሉኝ።

መቄዶንያን የማያውቅ አለ? ቢንያም በለጠ የጀመረው፣ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከመንገድ የሚያነሳው። መፈክራቸው «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። ሰጪው ሰው፣ ተረጂውም ሰው። ሌላ ስም አልፈለጉም። እኔ እንደ አማርኛ አስተማሪ ቀናሁ።

አሁን ሰላምታችሁን መልሱልኝ። እንደምን አደራችሁ ብያችሁ ነበር።

ወሎ ገጠር አያቴ ቤት አድጌአለሁ። ሲመሽ ከደጅ ድምፅ ይመጣል። «ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን፣ አሳድሩን!» ማን ነህ፣ ከየት ነህ አይባልም፣ ቢያንስ መጀመሪያ አይባልም። አያቴ ከውስጥ ሆኖ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይላል። እግር ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርባል። ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ይባላሉ። ያኔ ያች ሰላምታ እውነተኛ ጥያቄ ነበረች። ብርድ ነበር? ቁንጫ በላችሁ? ለዚያ ሰው ምን ስም ነበረው? «የመሸበት»። ስሙ ይኸው ነው። ጥፋቱ የምሽቱ ነው። አሁን ተማሪ ቢጠይቀኝ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ለዚህ ነገር እሱን እመርጣለሁ። ግን ባነር ላይ አይሆንም፣ የድሮ ነው፣ ሰው አይገባውም።

አምና በታኅሣሥ፣ ያ ብርድ፣ ከእናንተ ውስጥ ስድስት ልጆች ሆነን ማታ ብርድ ልብስ ይዘን ወጥተን ነበር። የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ግንብ ሥር አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከላይ ላስቲክ፣ ከታች ካርቶን። ስንጠጋ ከተቀመጡበት ብድግ ለማለት ሞከሩ። ጉልበታቸው እንቢ አለ። ግን «ኖር! ኖር!» አሉ። እኛም «በእግዜር፣ በእግዜር» አልን። ካርቶናቸውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ቦታ ለቀቁልን። «ግቡ» አሉን። ግቡ! በሩ የቱ ጋ ነው? ከእናንተ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ያፍራል፣ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ሽማግሌው «ኧረ በጫማህ ግባ ልጄ» አሉት። «ቤት የእግዚአብሔር ነው።»

እሺ። ባነሩ።

«ነገ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ አለ» ብላችሁ ጻፉ። ከታች ቦታውን። በቃ። ለማን እንደሆነ አትጻፉ። የጠገበ ሰው መጥቶ ቢበላ አንድ ዳቦ ነው የሚሄድብን። በር ላይ የምትቆሙት ልጆች ደግሞ የሚመጣውን ሁሉ «እንደምን አደሩ» በሉ። ብላችሁ ግን ወደ ቀጣዩ አትሩጡ። መልስ ሊኖራቸው ይችላል። ምናልባት ረጅም ይሆናል። ሻዩን ያዝ አድርጋችሁ አዳምጡ።

ስለ ሻይ ሳወራ የእናንተው ቀዝቅዟል መሰለኝ። አመሰግናለሁ።